ለሰሚው ግራ

የግራ ጆሮዬ ከሞተ አርባ አራት ዓመት ሆነው። ተዝካር አልወጣለትም፤ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ ስለሌለ። በሰባት ዓመቴ ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። አያቴ መንጋጋዬን በነጠላ ጠፍራ አሰረችልኝ፤ ሳምንት ተኛሁ፤ እብጠቱ ጎደለ፤ ተነስቼ ኳሴን ፍለጋ ሄድኩ። ለቅሶ የደረሰ የለም። ይህን በሽታ ጆሮ ደግፍ ብሎ ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ የእኔን ጆሮ ሲገፈትር እንጂ ሲደግፍ አላየሁትም። ሐኪሞቹ እንደሚሉት ነገርየው አልፎ አልፎ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይዘልቅና አንዱን ወገን ድርግም አድርጎ አጥፍቶ ይወጣል፤ ሁለቱንም የሚያጠፋው ከስንት አንዴ ነው። ልጅ ደግሞ አይናገርም። በአንዱ ከሰማ ሰማ ነው፤ ሁለት መሆን እንዳለበት ማን ነግሮት?

መሞቱ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በስልክ ነው። በመንደራችን ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ድሬዳዋ ያለው አጎቴ ሲደውል የቤቱ ሠራተኛ እየሮጠች ትጠራናለች፤ እኛም ቤተሰቡ ሁሉ ተሰልፈን እንሄዳለን። አንድ እሑድ ተራ ደረሰኝና እጀታውን በግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጭጭ።

«ሞቷል» አልኳት እናቴን።

ቀምታኝ አዳመጠች። «ኧረ እየጮኸ ነው!» ብላ መለሰችልኝ።

እንደገና ለጠፍኩት። «ሞቷል አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!»

የቤቱ እመቤት የአጎቴ ገንዘብ አሳዝኗቸው መሰለኝ፣ እጀታውን ወስደው በቀኝ ጆሮዬ ላይ ሲያደርጉት አጎቴ «ይሄ ልጅ ምን ሆነ?» ሲል ሰማሁት። ምን እንደሆንኩ እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ሰፈሩ ችሎት ተቀመጠ። አያቴ ምች ነው አለች። አንዲት ጎረቤታችን ቡዳ ነው አሉ። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ጥፋቱን በአሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጣሉት፤ «የዚህ ሰፈር ልጅ ጆሮው በሞተር ድምፅ ተበልቶ ነው የሚያድገው» አሉ። የመንገደኞቹ አውሮፕላኖች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቦሌ ከሄዱ ያኔ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰውን በሌለበት መክሰስ ግን በእኛ ሰፈር ብርቅ አልነበረም። በመጨረሻ ሆስፒታል ተወሰድኩ። ሐኪሙ ሁለት ጥርስ ያለው ሹካ የመሰለ ብረት መትቶ እግሩን ግንባሬ መሃል አቆመው። «በየት በኩል ይሰማሃል?» «በቀኝ።» ጥቂት ሞነጫጨረና ለእናቴ «ነርቩ ነው» አላት። መድኃኒት አልታዘዘም። እናቴ ባዶ እጇን ላለመመለስ ብርቱካን ገዛችልኝ።

ከዚያ ወዲህ የቦታ ሊቅ ሆንኩ። የትም ስገባ ሰውን ሰላም ከማለቴ በፊት ግድግዳውን አያለሁ፤ ግራዬን ለግድግዳ፣ ቀኜን ለሰው። ሰርግ ቤት የረድፉ ግራ ጫፍ፣ ለቅሶ ቤት የድንኳኑ ግራ ጥግ የእኔ ነው። በዚህ የተነሳ ልደታ ውስጥ ሁለት ስም አለኝ። «ወደ መሃል ይግቡ እንጂ!» እየተባልኩ እምቢ ብዬ ጥግ ስለምይዝ እኩሌታው ሰው ትሑት ይለኛል። በግራዬ አልፎ ሰላም ብሎኝ መልስ ያጣው እኩሌታ ደግሞ ጥጋበኛ ይለኛል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፤ ስለ እኔ ሲያወሩ እንዴት እንደሚግባቡ እንጃ።

ታክሲ ላይ ጋቢና አልቀመጥም፤ ሾፌሩ በግራዬ ይሆናላ። አንዴ ቦታ ጠፍቶ ተቀመጥኩ። ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች ሾፌሩ የትዳሩን ታሪክ ከሽምግልናው እስከ ፍቺው ሲያወራልኝ ኖሯል። ልወርድ ፊቴን ሳዞር ብቻ «አይ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ሲያዳምጡ ልብ ያሳርፋሉ» ሲለኝ ሰማሁት።

ሲቸግር ደግሞ ራስ መነቅነቅ አለ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፤ ሲያዝን ከንፈሬን እመጣለሁ፤ ጥያቄ መሆኑን ከቅንድቡ ካወቅሁ «እንዴታ!» እላለሁ። በ1996 ዓ.ም. በአንድ ሰርግ ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ጣራውን ሊያነሳው ሲደርስ፣ በግራዬ የተቀመጠውን የሥራ ባልደረባዬን «እንዴታ!» አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት የብድር ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። ምን ላድርግ? እንዴታ ያልኩትን ሰው ምን ብዬ ልካድ፤ አልሰማሁህም ነበር ልበል? ይህን ከማለት ዕዳውን መክፈል ቀለለኝ። ከፈልኩም፤ ሁለት ዓመት ከደመወዜ ተቆረጠ።

ዛሬ እንጀራዬ የሚጋገረው ከልደታ ምድብ ችሎት ብዙም በማትርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ክስ፣ የመከላከያ መልስ፣ ይግባኝ፣ የእግድ አቤቱታ። ግራ ጆሮ ለሌለው ሰው ከዚህ የባሰ መንደር የለም። የፍርድ ቤት አማርኛ ያለ ግራ ቀኝ አይንቀሳቀስም፤ ግራ ቀኙ ቀረቡ፣ ግራ ቀኙን አከራከርን፣ የግራ ቀኙን ማስረጃ መረመርን ይላል። እኔ ግን ስንት ዓመት ቀኙን ብቻ እየሰማሁ ጻፍኩ። የባለጉዳይ ወንበር በቀኜ በኩል ወለሉ ላይ በሚስማር ተመትቷል። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ ቀድሞ ወንበሯ ላይ ጉብ ያለው ያተርፋል፤ በፍቺ ማመልከቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቋንቋውስ ቢሆን ለግራ መቼ ፍርድ ሰጥቶ ያውቃል? ያልተረዳነውን ነገር ግራ ገባኝ እንላለን፤ ጉድ የሆነውን ወሬ ለሰሚው ግራ እንላለን። በግራዬ አንድም ነገር ገብቶ ለማያውቅ ለእኔ አባባሉ ራሱ ግራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ለዕረፍት መጣች። በሁለተኛው ቀን፣ በግራዬ ተቀምጣ ሦስቴ ጠርታኝ ሳልሰማ ስቀር፣ «አንተ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትኖረው?» ብላ እጄን ይዛ የመስማት ምርመራ ወደሚደረግበት ክሊኒክ ወሰደችኝ። ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ ሳጥን የምታህል ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ጆሮ ማዳመጫ ተደረገልኝና ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ያለ ሹሹታ ተለቀቀበት። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። በግራ የሚሰጠው ድምፅ በራስ ቅል በኩል እየተሻገረ ደህናው ጆሮ ስለሚሰማው፣ ቀኙ ለወንድሙ በሐሰት እንዳይመሰክር ነው አለችኝ ባለሙያዋ። አነጋገሯን ወደድኩት፤ ልደታ ያደገች ሳትሆን አትቀርም። ምስክሩ ዝም ሲል የግራ ጆሮዬ እውነት ወጣች፦ ባዶ።

ከዚያ ያለውን መንገድ አስረዳችኝ። በዚህ ጆሮ ላይ ተራ ማዳመጫ መግጠም መቃብር ላይ መጮህ ነው። ሌላው መንገድ ከስዊድኗ ጎተንበርግ የመጣ ነው፤ እዚያ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጆሮ ጀርባ ያለ አጥንት ውስጥ የቲታኒየም ብሎን ይታሰራል፤ እንደ እኔ ላለው ሰው ድምፁ በራስ ቅል ተሻግሮ ወደ ደህናው ጆሮ ይሄዳል። «ብሎን?» አልኩ። ይህኛው ሰምቼ ያልሰማሁ መምሰል የምችለው አልነበረም። ደግሞም በቀዶ ጥገና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ አለ፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአንድ ወገን ብቻ ለደነቆሩ ሰዎች የፈቀደው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። እሱንም በአክብሮት አሳለፍኩት። የቀረው ክሮስ የሚባለው ነው። ሁለት የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ዕቃዎች ናቸው። በሞተው ጆሮ ላይ የሚቀመጠው ማይክሮፎን ነው፤ የሰማውን ያለ ሽቦ በደህናው ጆሮ ላይ ላለው ጓደኛው ይልካል፤ ያኛው ደህናው ጆሮ ውስጥ ያንሾካሹካል። ሐሳቡን በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኧርል ሃርፎርድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ያኔ ሽቦው በመነጽር እጀታና ግንባር ላይ ከጆሮ ወደ ጆሮ ይዘረጋ ነበር አሉ፤ ዓይኑ ደህና የሆነው ሰው ሁሉ ለጆሮው ሲል መነጽር አደረገ ማለት ነው።

ዋጋውን በዶላር ነገረችኝ። ዶላር በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ ባለው ሒሳብ በብር ሳባዛው ዝም አልኩ። ያልሰማሁ መስሏት ደገመችው። እህቴ ከፈለች።

ለባለቤቴ ነገሩን ያስረዳኋት በባቡሩ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ሰማያዊ ባቡርና ከጦር ኃይሎች ወደ አያት የሚሄደው አረንጓዴ ባቡር ልደታ ሲደርሱ ሐዲዳቸው አንድ ይሆናል፤ እስከ ስታዲየም ድረስ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። የእኔም ጆሮ ከዛሬ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ የግራውም የቀኙም መንገደኛ በአንድ ሐዲድ ይገባል አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ባቡሩስ ቀለም አለው፤ የአንተ ድምፅ ከየት እንደመጣ በምን ይለያል?» አለችኝ። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጬ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

መልሱን መንገድ ላይ አገኘሁት። አርባ አራት ዓመት ተዘግቶ የኖረ በር ብርግድ ብሎ በግራዬ ብርሃን የሚገባ መስሎኝ ነበር። ግራዬ እንደሞተ ነው። የሞተው ወገን ጩኸት ሁሉ ተግተልትሎ በቀኝ ገባ። ረዳቱ በግራዬ ቆሞ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው!» ሲል ወደ ቀኝ ዞሬ ለአንድ የጋዜጣ አዟሪ «እሄዳለሁ» አልኩት። በግራ መኪና ሲያጮህብኝ ወደ ግራ ሸሸሁ፤ ይኸውም ወደ መኪናው መሆኑ ነው። የጃኬቴ ኮሌታ ማይክሮፎኑን በነካው ቁጥር አንድ ሰው ቀኝ ጆሮዬ ሥር ፌስታል የሚጨማድድ መሰለኝ፤ ነፋስ ሲነፍስማ ፌስታሉ ውስጥ እኔም አለሁበት። ማታ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ቀኝ ጉንጬን ሳሙ፤ ሰላም ነው። ግራዬን ሲስሙ «ጧ» ያለው መሳም በቀኝ ጆሮዬ ጮኸ። ሌላ ሰው የሳመኝ መስሎኝ ደንግጬ ስዞር አፍንጫቸውን በግንባሬ መታሁት። እንባቸውን እየጠረጉ «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» ያሉትን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁ።

ሁለት ጆሮ የተሰጠን አንደኛው እንደ መኪና ስኮርታ ለክፉ ቀን ይሆነናል ተብሎ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥራቸው ሌላ ኖሯል። ድምፅ ከግራ ሲመጣ ግራ ጆሮ ዘንድ ይቀድማል፤ ቅድሚያው የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ አንጎል ግን በዚያች ቅንጣት ልዩነት «ከወዲያ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ራስም ጥላ ይጥላል፤ ቀጫጭኑ ድምፅ፣ እነ ሰ እና ፈ፣ ራስን ዞረው ማዶ ሲደርሱ ደክመዋል። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሻምበል የጥላውን ነገር ከራሳቸው አካል አረጋገጡልኝ። የእሳቸውም ግራ ጆሮ ከቀኙ ይብሳል። ጠመንጃ በቀኝ ትከሻው የሚደግን ሰው አፈሙዙ ለግራ ጆሮው ይቀርባል፤ ቀኙን የገዛ ራሱ ይከልለዋል። ከዚያ ተነስተን ደጃዝማች ባልቻ ዘንድ ደረስን፤ በአድዋ መድፉን ይዘው የዋሉት ሰው፣ ዛሬ ስማቸው የኛ ሰፈር ሆስፒታል ላይ ያለው፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው ጆሯቸው ይሰሙ ኖሯል? መልስ አላገኘንም። ብቻ የዓለም የመስማት ቀን ማርች 3 (3/3) የሆነው ሁለቱ ሦስቶች ጎንና ጎን ሲቀመጡ ጥንድ ጆሮ ስለሚመስሉ እንደሆነ፣ ይህም ቀን በእኛ የካቲት 24፣ የአድዋ በዓል ማግሥት እንደሚውል ስነግራቸው ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው፤ መድፍ ከተተኮሰ በኋላ ጆሮን ማየት ደንብ ነው» አሉ።

በአሮጌው ሰፈር ሳለሁ አቅጣጫ ችግሬ እንዳልነበረ የገባኝ አሁን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳይፈርስ በፊት የልደታ መንደር በሙሉ ራሴ ውስጥ ተነጥፎ ነበር። ያ ሳል ከሆነ ከጠጅ ቤቱ በኩል ነው፤ ያች ሴት ከጠራች ከቦኖው ናት፤ ውሻው ከጮኸ ከአናጢው በር ነው። ድምፁን ካወቅሁት ቦታውን አውቀው ነበር። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሁሉም ድምፅ ደረጃው ውስጥ ገብቶ ከሁሉም ፎቅ መምጣት ጀመረ። ባለቤቴን በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ «የት ነሽ?» እላታለሁ። «እዚህ!» ትላለች። እዚህ የሚባል አድራሻ ደግሞ የት እንደሆነ አላውቅም። ስልኬም እዚህ እዚህ እያለ ይጠራል፤ አንዴ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፤ የዚያን ጊዜ ጥፋቱ የጆሮዬ አልነበረም።

መሣሪያው ከገባ ወዲህ የተነጠቅኩት ነገር ምክንያት ነው። «ቆሻሻውን ጣለው» የሚለው ትእዛዝ ከግራ ሲመጣ ድሮ አየር ላይ ይቀር ነበር፤ አሁን ይደርሳል። ባለቤቴ ይህን በሦስት ቀን ውስጥ ተረድታለች። ያልተነጠቅኩት ሌሊቱን ብቻ ነው። ማታ መሣሪያዎቹን አውልቄ፣ ደህናውን ጆሮ ትራስ ላይ ጥዬ፣ የሞተውን ለላይኛው ፎቅ ሙቀጫ እተውለታለሁ። ሁለት ጆሮ ያላቸው ሰዎች እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ዛሬም አይገባኝም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ባዳው በአንድ ሳምንት ዘመድ ሆነብኝ። ሁለት ወንድማማቾች የውርስ አቤቱታ ሊያጽፉ መጡ። አንዱ ወንበሯን ያዘ፤ ሌላው በግራዬ ቆመ። ስጽፍ የቆመው በለሆሳስ «ይሄ ሰውዬ በፊደል ነው እንዴ የሚያስከፍለን?» አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ስንት ሰው ስንት ጊዜ በዚያ በኩል ብሎት እንደሚሆን አሰብኩና ጣቴን ከኮምፒውተሩ አነሳሁ። «ለነጠላ ሰረዝ አላስከፍልም» አልኩ። ሰውየው የሱቁን በር አየ፤ ቀጥሎ የወንድሙን ጫማ አየ። የጻፍኩትን ሳያነቡ ከፍለው ሄዱ።

ከታችኛው ፎቅ ካሉት እማማ ጋር የሆነው ግን ይህን ያህል አያስቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ አንነጋገርም። ለምን እንደተቀየሙኝ አላውቅም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅ። አንድ ጠዋት ስወርድ እሳቸው በግራዬ በርበሬ እያሰጡ ነበር። ለልጅ ልጃቸው «ይኸው፣ ጌታው ወረዱ» ሲሉ ሰማሁ። እንደ ልማዴ ወደ ቀኝ ዞሬ ግድግዳውን አየሁ፤ ከዚያ ትዝ አለኝና ወደ ግራ ዞርኩ።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

እጃቸው በርበሬው ላይ ቀረ። «ምን ሆንክ? አሞህ ነው?»

አስረዳኋቸው። ዕቃውን ከጆሮዬ ጀርባ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቀረብ ብለው መረመሩት፤ የበርበሬው ሽታ አስነጠሰኝ። ከዚያ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ታዲያ ይህን ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በቀኝ በኩል እመጣልህ ነበር እኮ» አሉኝ። ደረጃውን ስጨርስ መልስ ሳልሰጣቸው መውጣቴ ትዝ አለኝ። ይህኛውን ሰምቼ ነው።

ስለ ባትሪው ልናገር። የምስር ክክ የምታክል ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቡናማ ልጣፊ አለባት። ልጣፊውን ስትልጡት አየር ትስብና ትነሳለች፤ አንዴ ከነቃች ደግሞ ብትሠሩባትም ባትሠሩባትም ታልቃለች። ሳምንት ከቆየችልኝ አመሰግናለሁ። ሰዓት ሠሪ ጋ ሄጄ ነበር፤ የሰዓት ባትሪ አወጣልኝ፤ «ይኸው፣ ይቺም ክብ ናት» አለኝ። ክብነቷን አልካድኩም። የእኔዎቹ የሚመጡት ከሜሪላንድ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በሹሩባ ቅባትና በቫይታሚን መካከል ነው። መንገደኛ ሲጠፋ እቆጥባለሁ፤ ለፍርድ ቤት ሰዓት እንጂ ለቡና ወሬ አላደርገውም። ሊያልቅ ሲል ይጮኻል። አንዴ ለቅሶ ቤት፣ ሁሉም ዝም ባለበት፣ ሲጮህብኝ ተሳቅቄ ጆሮዬን በእጄ ሸፈንኩ። ድምፁ የሚሰማው ለእኔ ብቻ መሆኑ ትዝ ያለኝ የሟች ወንድም ከንፈሩን መጥጦ ውሃ ካቀረበልኝ በኋላ ነው።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ናት። በሰፈራችን ቀኑ እንዲሁ አያልፍም፤ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ደጅ ተወጥቶ ይበላል። በግቢያችንም በየብሎኩ መካከል ወንበር ተደረደረ። «ወደ መሃል ይግቡ እንጂ!» ተባልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ብዬ መሃል ገባሁ። ትሑት የሚሉኝ ተደነቁ፤ ጥጋበኛ የሚሉኝ ያሉትን አገኙ።

ስህተት ነበር። በቀኜ ሻምበል ስለ ጡረታ ያወሩኛል። በግራዬ አራት ሴቶች፣ አንድ ጄሪካን የሚመታ ልጅ፣ ቡና የሚወቅጥ ሙቀጫና የማዶው ብሎክ ድምፅ ማጉያ አሉ። ማይክሮፎኑ አድልዎ አያውቅም፤ ሁሉንም ሰብስቦ ሻምበል ላይ ደፋባቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው የሙቀጫ ድምፅ ነው። ባለሙያዋ ይህን ነግራኝ ነበር፤ ጫጫታው በሞተው ወገን፣ የሚሰሙት ሰው በደህናው ወገን ሲሆን መሣሪያው ይጎዳዎታል፣ ያጥፉት ብላኛለች። ጆሮዬን ያከክኩ መስዬ አጠፋሁት። ሻምበል ተመለሱ። ሰላም ወረደ። ጥሬና ንፍሮዬን ያዝኩ።

ትንሽ ቆይቶ በግራ በኩል የሰው ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቅንድቦች ተነስተዋል። አየኋቸው። በ1996 የተማርኩትን ነገር እስከዚህ ቀን ያልረሳሁ ይመስለኝ ነበር።

«እንዴታ!» አልኩ።

ተጨበጨበ። አንዷ እልል አለች። ቤት ስንገባ ባለቤቴ በሩን ዘግታ «ለመሆኑ ሰምተህ ነው?» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዶላር ጆሮዬ ላይ ተሸክሜ አልሰማሁም እንዴት እላለሁ? «ሰምቼ ነው» አልኳት። እሷ የምታውቀውን ታውቃለች፤ «ጎበዝ፤ ውሃ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቁሃል» አለችና መብራቱን አጠፋች። የውሃ ፓምፕ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተመርጫለሁ።

በሰብሳቢነቴ ወራት አንድ ነገር ልብ አልኩ። አቤት ባይ በግራም በቀኝም ሲመጣብኝ፣ በግራ የሚመጣው ድምፅ ትንሽ ቀጠን፣ ትንሽም የቆርቆሮ ጣሳ ቃና ያለው ሆኖ ተሰማኝ። መሣሪያው ውስጥ ስላለፈ ነው። በቀኝ የሚመጣው ወፍራምና የራሱ ነው። መጀመሪያ ያሳሰበኝን ያህል አሁን እጠቀምበታለሁ፤ ቀጭኑ ከግራ ነው፣ ወፍራሙ ከቀኝ። ባለቤቴን «አረንጓዴና ሰማያዊው ተለየልኝ» አልኳት። ሁልጊዜ አይሠራም፤ በተፈጥሮው ቀጭን ድምፅ ያለው የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ከየትም ቢያናግረኝ ወደ ግራ ነው የምዞረው። እሱም ንቀት አድርጎ ይዞብኛል አሉ። ዘንድሮ ግን አስረድቼዋለሁ።

ፓምፑ እስካሁን አልተሠራም። ሱቄ ከፍርድ ቤቱ ብዙም አትርቅም፤ ጉዳይ ያላችሁ ኑ። የመጨረሻዋን ባትሪ የላጥኳት ባለፈው ሐሙስ ነው፤ ከሜሪላንድ የሚመጣ መንገደኛም ለጊዜው የለም፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ኑ፤ ወንበሯ እዚያው በሚስማር እንደተመታች ናት።